እንጦጦ ላይ ወደ ሰማይ ብቻ?

ኮከብ እናያለን ብለው የተነሱትን ሰዎች እብድ ያሏቸው ነበሩ። ዛሬ እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። በ2019 (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) ከቻይና ለመጠቀችው ሳተላይታችንም መቀበያ ጣቢያ የተተከለው እዚያው ነው። ደስ ይላል። ግን ስለ ብርሃን ስናስብ ሁልጊዜ ማንጋጠጥ አለብን እንዴ?

እስቲ ይህን ስሙ። ብርሃን ይገፋል። ግፊቱ ኢምንት ነው እንጂ አለ፤ የተዘረጋ ጋቢ ላይ ያረፈች የየካ ፀሐይ በካሬ ሜትር የምትገፋው ከ1 ሚሊግራም ክብደት ባነሰ ኃይል ነው። ታዲያ ብርሃን መስታወት ውስጥ ሲገባ ግፊቱ (የፊዚክስ ልጆች ሞመንተም የምትሉት) ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ሚንኮቭስኪ በ1908 ይጨምራል አለ። ማክስ አብርሃም በ1909 የለም፣ ይቀንሳል አለ። መቶ ዓመት ጭቅጭቅ!

በ2008 የቻይና ተመራማሪዎች አንድ የመስታወት ክር ወሰዱ። ውፍረቱ ግማሽ ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ በየሰፈራችን መንገድ ተቆፍሮ ከሚቀበረው ፋይበር 250 ጊዜ ያህል ይቀጥናል። ብርሃን ለቀቁበት። ብርሃኑ ከጫፉ ሲወጣ ክሩ ወደ ኋላ ተገፋ፤ ጣና ላይ ሰው ዘሎ ሲወርድ ታንኳው ወደ ኋላ እንደሚሸሸው። ብርሃኑ ሲወጣ ግፊት ከጨመረ መስታወቱ ውስጥ ሳለ ያነሰ ነበር ማለት ነው፣ ስለዚህ አብርሃም ረታ አሉ። ሌሎች ደግሞ ክሩ የታጠፈበት ምክንያት ሌላ ሊሆን ይችላል ብለው ተነሱባቸው።

ማን እንደረታ ለጊዜው ተዉት። እኔን የገረመኝ ዕቃው ነው። ሮኬት የለም፣ ጉልላት የለም። ሌዘር፣ ማይክሮስኮፕ፣ በእሳት ተስቦ የሚቀጥን የፋይበር ቁራጭና ብዙ ትዕግሥት። እኛ ጋ ግን ሳይንስ ሲባል የሚታየን ተገዝቶ የሚመጣ፣ ሪባን የሚቆረጥለት ነገር ነው። ቴሌስኮፕ አልጠላሁም። ፊዚክስን በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ለሚማር ልጅ ግን ያ ጉልላት የሩቅ ሀብታም ዘመድ ነው፤ ስሙን ይጠራበታል እንጂ አይጎርስበትም። ክሩን ግን ራሱ ይስባል፣ ይሰብራል፣ እንደገና ይስባል።

ስለዚህ ለተማሪ ክፍት የሆነ አንድ ክፍል እንጦጦ ላይ ይሰጠን። ነፋስ የማይገባበት፣ መኪና የማያንቀጠቅጠው። በ2020 ከተከፈተው ፓርክ ራቅ ቢል ደግሞ ይመረጣል፤ የቅዳሜው ግርግር እንኳን ይቺን ክር፣ ባህር ዛፉንም ሳያነቃንቅ አይቀርም።