ጨርቅ ይቆረጣል፣ ሰው አይቆረጥም

ዘመድ ከዘመድ ሲገናኝ፣ ተሳስሞ እንኳ ሳይላቀቅ የሚከተለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። «ምነው እንዲህ ከሳሽ? ታመሽ ነበር እንዴ?» ወይም ደግሞ «ውይ፣ ወፈርሽ! ምን ተገኘ?» ተናጋሪው ክፋት የለበትም። ስለ ሥራዋና ስለ ልጆቿ ከመጠየቁ በፊት ዓይኑ ያረፈበትን ነው የተናገረው። ሰሚዋ ግን ቃሉን ይዛው ወደ ቤቷ ትገባለች። ማታ መስታወት ፊት ቆማ ጎኗን ትቆነጥጣለች፤ በማግስቱ ቁርሷን ትተዋለች። ወንዶችም ቢሆኑ ከዚህ አያመልጡም፤ በቦርጫቸው የማይቀለድበት ድግስ የለም። ብዙዎቻችን ከገዛ ሰውነታችን ጋር ተኳርፈን እንኖራለን። መታረቅ ይገባናል ብዬ ስለማምን ነው ይህን የምጽፈው።

ድርቅና ረሃብ ደጋግሞ በጎበኘው አገራችን ወፈር ማለት የጥጋብና የጤና ምልክት ነበር፤ እናቶቻችን ሲናገሩት እንደ ምርቃት ነው። ዛሬ ደግሞ ስልካችን ቅጥነትን የሚያወድስ ሌላ ዳኛ ይዞልን መጥቷል። ልጆቻችን በሁለቱ መካከል ተይዘዋል፤ ቤት ውስጥ «ብዪ እንጂ፣ አጥንትሽ ወጣ» ይባላሉ፣ ውጭ «ቀንሺ» ይባላሉ። ደክሟት እንደሆነ፣ እንቅልፍ አጥታ እንደሆነ፣ ርቧት እንደሆነ የሰውነቱን ባለቤት፣ ልጅቷን፣ የሚጠይቃት የለም።

በቅርቡ ሽሮ ሜዳ፣ አንድ የሐበሻ ልብስ ሰፊ ዘንድ ተራ ስጠብቅ ለእህቷ ሠርግ ቀሚስ የምታሰፋ ወጣት ከፊቴ ነበረች። ሰፊው ሜትሩን ወገቧ ላይ አዙሮ ቁጥሩን ሊጽፍ ሲል «አምስት ሴንቲ ቀንሰህ ስፋልኝ፤ እስከዚያ እከሳለሁ» አለችው። ሰውዬው እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካና «የኔ እህት፣ ጨርቅ ይቆረጣል፣ ሰው አይቆረጥም» አላት። እሷ አሁንም አጥብቃ ለመነችው። እሱ ግን ትክክለኛውን ልክ ጻፈና «ከጎንና ከጎን ትርፍ ጨርቅ አስቀርልሻለሁ፤ ብትከሺም ብትወፍሪም እናስተካክለዋለን» ብሎ አረጋጋት። ያ ሰው ለሥራው የሚያስፈልገውን ነው ያደረገው። እኔ ግን ለሰውነት ከዚህ የተሻለ አክብሮት ከየት ይመጣል አልኩ።

ራሳችንን የምንቀጣባቸው ቁጥሮች ከየት እንደመጡ ማወቅም ይጠቅማል። ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያሰላውን ቢ ኤም አይ እንውሰድ። መነሻው በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ቤልጂየማዊው የሥነ ፈለክና የሒሳብ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ የሕዝብን አማካይ ለማወቅ ያደረገው ጥናት ነው። የአሁኑን ስሙን በ1972 እ.ኤ.አ. ያወጣለት አሜሪካዊው ተመራማሪ አንሴል ኪስ ነው። ስሌቱ ለሐኪም አንድ ፍንጭ ይሰጣል፤ ጡንቻን ከስብ ግን አይለይም፣ የሰውንም ዋጋ አይናገርም።

ይኸው ኪስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ገደማ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ምግባቸውን በግማሽ ያህል ቀንሶባቸው ነበር። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። አብሮ የሄደው ግን ሥጋ ብቻ አልነበረም። ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ የሚሰበስቡ ነበሩ። ተከዙ፣ ተቆጡ፣ ከሰው ራቁ። ስለዚህ ምሳ እየዘለለች የምትነጫነጭ፣ ማታ ግን ራሷን መግታት ያቃታት ልጅ ሰነፍ አይደለችም። የተራበ ሰውነት የሚያደርገውን ነው ሰውነቷ እያደረገ ያለው።

ለሰውነት የሚገባውን ደግነት ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም፤ አራስ ቤት ገብተን እንየው። ገንፎው በቅቤና በበርበሬ ይቀርባል፣ አጥሚቱ ይሞቃል፣ ጎረቤት ልብስ ያጥባል። የሚገባው ሁሉ አራሷን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል እንጂ ኪሎዋን አይጠይቃትም። ይህ ክብር የሚገባትም ነው። በእርግዝናዋ ወራት የደሟ መጠን እስከ 40 እና 50 በመቶ ጨምሮ ነበር፤ እንደወለደች አንድ ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ማኅፀኗም በስድስት ሳምንት ውስጥ ከ100 ግራም በታች ይወርዳል። ዝም ብላ የተኛች ስትመስል ሰውነቷ ይህን ሁሉ ይሠራል። የሚያሳዝነው ክርስትናው ካለፈ በኋላ ያው ጎረቤት «ሆድሽ አሁንም አልገባም?» ማለቱ ነው። ከክርስትናው ጋር የሚያበቃ ደግነት ለምን ይሆን? የወለደችው ብቻ ሳትሆን ታሞ የተነሣው፣ ቀኑን ሙሉ ሸክም የተሸከመው፣ ያረጀውም ሰውነት እንዲሁ ደክሟል።

ሃይማኖቶቻችንም ይህን ያውቃሉ። በቤተ ክርስቲያን ጾም ጊዜ ለሕመምተኛ ፈቃድ አለ፤ በረመዳንም የታመመና መንገደኛ ጾሙን ለሌላ ጊዜ ያቆየዋል። ጾምን ለነፍስ የሠሩት አባቶች ለሥጋ ከራሩ፣ እኛ ለቀሚስ ብለን ልንጨክንበት አይገባም።

ለሰውነት መራራት ማለት ችላ ማለት ግን አይደለም። የሚወዱትን ይጠብቁታል። የደም ግፊትንና ስኳርን መለካት፣ ሲያም ቶሎ ሐኪም ዘንድ መሄድ፣ በእግር መሄድ፣ በቂ መተኛት ሁሉ የደግነት ሥራ ነው። በጥላቻ የተጀመረ ስፖርት ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ሳምንት ይቆማል፤ ጉልበቴ ይበረታል፣ ልቤ ይጠነክራል ብሎ የወጣ ሰው ግን በሚቀጥለው ወርም ይወጣል።

እንግዲህ ከሰላምታችን እንጀምር። በሚቀጥለው በዓል ዘመድ ስናገኝ ክብደቱን እንተወውና እንዴት እንደከረመ እንጠይቀው። ከሁሉ በላይ በልጆች ፊት እንጠንቀቅ። እናቷ መስታወት ፊት ራሷን ስትሰድብ የሰማች ልጅ ስድቡን ትወርሰዋለች። ሌላ ውርስ ልንሰጣት እንችላለን፤ እናቷ ጠግባ ስትበላ፣ ሲደክማት ስታርፍ፣ የለበሰችውን ወድዳ ከቤት ስትወጣ እንድታይ እናድርጋት።