ግዴታው የዜጋው ብቻ አይሁን

መንግሥት ዜጋውን ወደ ኢንተርኔት እየገፋ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ዋጋ የሚከፈለው በዲጂታል መንገድ ነው። በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 1284 የጸደቀው የፋይዳ መታወቂያ ዛሬ ለባንክ ሒሳብ መክፈቻ ይጠየቃል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በከፊል በበይነ መረብ ይሰጣል። እነዚህን እርምጃዎች አንቃወምም። የምንጠይቀው፣ የአበርገሌ ሰው ይህን ሁሉ በየትኛው መስመር ይፈጽመው ብለን ነው።

አበርገሌ በአማራ ክልል ዋግ ኽምራ የሚገኝ፣ በፍየሉ የታወቀ የተከዜ ዳር ቆላ ነው። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት ስልኩንም፣ መብራቱንም፣ ባንኩንም አሳጥቶታል፤ ብዙ ነዋሪውን ወደ ሰቆጣ አፈናቅሏል። ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ዓመት ሳይሞላ፣ በ2015 ክረምት፣ የሞባይል ኢንተርኔት በአማራ ክልል ተዘጋ። ከዚያ የመጣው ድርቅ የዋግ ወረዳዎቹን አበርገሌን፣ ዝቋላንና ሳህላን የመታው መስመሩ በተዘጋበት ወቅት ነው። ከብቱ ያለቀበት ገበሬ ለመንግሥት አቤት ለማለት፣ ባሕር ማዶ ያለ የዋግ ተወላጅም ለወገኑ እርዳታ ለማስተባበር መገናኛው በእጅጉ በሚያስፈልጋቸው ሰዓት አጡት። ለጸጥታ ተብሎ የተወሰደ እርምጃ ረሃብተኛውንም አብሮ ዝም አሰኘው።

ስለዚህ ኢንተርኔት እንደ ውኃና መብራት የሕዝብ መገልገያ ሆኖ በሕግ ይተዳደር እንላለን።

ስያሜው ብቻውን ግን መስመር አይዘረጋም። መብራትም የሕዝብ መገልገያ ነው። 300 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የተከዜ ግድብ ውኃ የተኛው በዋግ ሰው እግር ሥር ነው፤ ዓሣውን አጥምዶ የሚሸጥ የዋግ ወጣት ግን ማታ ቤቱ ሲገባ መብራት ላያገኝ ይችላል። በኢንተርኔትም ይኸው እንዳይደገም ግዴታው በቀንና በወረዳ ስም ተጽፎ መቀመጥ አለበት።

ገበያው ይፈታዋል የሚሉ አሉ። ሳፋሪኮም 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ መውሰዱ ለከተሜው አማራጭ ሰጥቶታል፤ ይህን አንክድም። ይሁን እንጂ ደንበኛው ጥቂት በሆነበት፣ መንገዱ ገደላ ገደል በሆነበትና ኃይሉ በጄኔሬተር ወይም በፀሐይ በሚገኝበት ቦታ የኔትወርክ ምሰሶ ማቆም ለማንም ነጋዴ አያዋጣም። በሕዝብ ገንዘብ ያደገው ኢትዮ ቴሌኮምም በ2017 ዓ.ም. አሥር በመቶ ድርሻውን በአክሲዮን ለሽያጭ አቅርቧል። ባለአክሲዮን ትርፍ ይጠብቃል፣ መብቱም ነው። ታዲያ የአበርገሌዋን ከተማ የኒሯቅን ምሰሶ ማን ያቁም?

ኬንያ ከኦፕሬተሮች ዓመታዊ ገቢ ግማሽ በመቶ እየሰበሰበች ላልተዳረሱ አካባቢዎች ታውላለች። እኛም ከዚህ የተለየ ተአምር አያስፈልገንም። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የትኛው ወረዳ ምን ያህል ሽፋንና ፍጥነት እንዳለው በየዓመቱ ለሕዝብ ያሳውቅ፤ ከሁለቱም ኩባንያዎች የሚሰበሰበው መዋጮ በቅድሚያ በጦርነት ለተጎዱ ወረዳዎች ይዋል። ዋጋን በግድ ማውረድን ግን አንደግፍም፤ ኩባንያውን ከገጠር ማሸሽ ይሆናል።

ከሁሉ የሚከብደው የመዝጋት ሥልጣን ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 መረጃ የመፈለግና የማግኘት፣ በአንቀጽ 41 ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብትን ደንግጓል። በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን መስመሩን የዘጋው አካል ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደዘጋና እስከ መቼ እንደሚዘጋ በይፋ ይናገር። ቀኑ ሲያልፍ ይክፈት፣ ወይም ፍርድ ቤት ቀርቦ ያስረዳ። የጤና ተቋማት መስመር፣ የገንዘብ ማስተላለፊያውና የድርቅና የወረርሽኝ ሪፖርት የሚያልፍበት መንገድ በማንኛውም ትእዛዝ እንዳይቋረጥ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ላይ ማሻሻያ ይደረግ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይህን ማሻሻያ በቀጣዩ የሥራ ዘመኑ አጀንዳው እንዲያደርገው እንጠይቃለን።