ሁላችን የምንቀርብበት ማዕድ



ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ በዚህ እትም ስለ አንድ የፈረንሳይ የአትክልት ምግብ ልጽፍ ነው። በትምህርት ጥድፊያ መሀል ስለ ምግብ መጻፍ ቅንጦት የሚመስለው ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን ከሆድ ያለፈ ነው፤ ከማን ጋር እንደምንበላ ይመለከታል።

በአገራችን ሥጋ ማዕድ ይለያል። የሙስሊም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ ተብሎ ልኳንዳውም ሁለት ነው። ይህ የየእምነታችን ሥርዓት ስለሆነ ማንም ማንንም ሊወቅስበት አይገባም። ችግሩ ልዩነቱ ሥጋውን አልፎ ሰውን ሲለይ ነው። ለዓመታት አንድ ክፍል ያደሩ ልጆች ከአንድ ትሪ ሳይበሉ ሊመረቁ ይችላሉ። ይህን ደግሞ ሃይማኖት አላዘዘንም፤ ልማድና መተፋፈር ነው ያመጣው።

ስለዚህ ከግቢ ውጭ ተከራይተን የምንኖርና ምድጃ የምናገኝ ሁሉ፣ ሥጋም ቅቤም የሌለበት አዲስ ምግብ ከጓደኞቻችን ጋር መሥራት እንልመድ እላለሁ። ለመጀመሪያ ራታቱይን እመርጣለሁ።

ራታቱይ የደቡብ ፈረንሳይ፣ በተለይ የኒስ ከተማና የፕሮቫንስ ምግብ ነው። ደበርጃን፣ ዝኩኒ፣ የፈረንጅ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ቀይና ነጭ ሽንኩርት፣ የወይራ ዘይት፤ በቃ ይኸው ነው። አንዳንዶቻችን ስሙን የምናውቀው በ2007 እ.ኤ.አ. ከወጣው የአይጧ ፊልም ነው። በፊልሙ ላይ በስሱ ተቆርጦ እንደ አበባ የተደረደረው ግን ቤት ውስጥ የሚሠራው ዓይነት አይደለም። መነሻው ሚሼል ጌራር የተባለ ፈረንሳዊ ሼፍ በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ኮንፊ ባያልዲ» ነው። የዚህ ስም ምንጭ ደግሞ «ኢማም ባይልዲ» የሚባለው የቱርኮች የደበርጃን ምግብ ሲሆን ትርጉሙ «ኢማሙ ራሱን ሳተ» ማለት ነው።

ደበርጃን ራሱም ታሪክ አለው። ወደ ምዕራብ አውሮፓ የገባው በአንዳሉስ ሙስሊሞች በኩል ነው። ፈረንሳዮች «ኦበርዢን» የሚሉት ስም በካታላን ቋንቋ አልፎ ከዐረብኛው «አል-ባዚንጃን» የመጣ ነው፤ የእኛን «ደበርጃን» ከዚሁ ጋር አስተያዩት። ቲማቲም፣ ቃሪያና የዝኩኒ ዘር ደግሞ ከ1492 እ.ኤ.አ. በኋላ ከአሜሪካ የተሻገሩ ናቸው። ስለዚህ «ይሄ የፈረንጅ ምግብ ነው፣ ለእኛ አይሆንም» ለሚል ሰው መልሱ ከድስቱ ውስጥ አለ። ምግብ የሚመዘነው በስሙ ሳይሆን በውስጡ ባለው ነው። ምግብ ቤት ውስጥ ካዘዛችሁ ወይን ወይም የሥጋ መረቅ እንዳለበት ጠይቁ፤ ቤት ስትሠሩት ግን ሁለቱም አያስፈልጉትም።

አሠራሩ ከባድ አይደለም፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል። ለአምስት ሰው ሁለት ደበርጃን፣ ሦስት ዝኩኒ፣ ሁለት የፈረንጅ ቃሪያ፣ ስድስት ቲማቲም፣ ሁለት ቀይ ሽንኩርትና አራት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ይበቃል። አትክልቱን በመካከለኛ መጠን ክተፉ። ለጀማሪ ትልቁ ፈተና ሁሉንም በአንዴ ድስት ውስጥ መጨመር ነው፤ ያኔ አትክልቱ በራሱ ውኃ ይቀቀልና ገንፎ ይሆናል። ደበርጃኑን፣ ዝኩኒውንና ቃሪያውን በየተራ፣ መጥበሻውን ሳታጨናንቁ ጠበስ እያደረጋችሁ አውጡ። ደበርጃን ዘይት ይመጣል፤ ደረቀ ብላችሁ ደጋግማችሁ አትጨምሩበት፣ ሲበስል መልሶ ይተፋዋል። ከዚያ ሽንኩርቱን አቁላሉ፣ ቲማቲሙንና ጦስኙን ጨምሩ፤ ሲወፍር የተጠበሰውን መልሳችሁ በዝግተኛ እሳት ግማሽ ሰዓት ያህል ተዉት። በመጨረሻ በሶብላ ጣል አድርጉበት። የወይራ ዘይት ከተወደደባችሁ ያላችሁን የምግብ ዘይት ተጠቀሙ፤ ጣዕሙ ይለያል እንጂ አይበላሽም። በዳቦም፣ በሩዝም፣ በእንጀራም ይበላል፤ ካደረም ይጣፍጣል።

«ሽሮ እያለ ለምን ራታቱይ?» የሚል ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ሽሮም ያለ ቅቤ ሲሠራ ሁላችንን ያበላል። ነገር ግን ሽሮ ላይ ሁሉም የእናቱን ቤት ሙያ ይዞ ይመጣል፤ አንዱ አስተማሪ፣ ሌላው እንግዳ ይሆናል። ማንም ሠርቶት በማያውቀው ምግብ ላይ ግን ሁሉም እኩል ጀማሪ ነው። አንዱ ሽንኩርት ይልጣል፣ ሌላው ዝኩኒ ይከትፋል፣ ወሬው በዚያው ይቀጥላል። ወንድሞችም ብትሆኑ ቢላዋውን ያዙ። እናታችን ዓኢሻ ረዲየላሁ ዐንሃ እንደነገረችን ነቢያችን ﷺ ቤተሰባቸውን በቤት ሥራ ያግዙ ነበር።

ኦርቶዶክስ ጓደኞቻችን ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይበሉም። ረቡዕ ማታ ከመግሪብ በኋላ ብትጋብዟቸው ጾማቸውንም ሶላታችሁንም አይነካም። «ድስቱን ቅቤ ነክቶታል?» ብለው ቢጠይቋችሁ አትከፉ። እኛም ሰው ቤት ስንሄድ «ድስቱ ውስጥ ምን ተሠራበት?» እንላለን። የእነሱም የእኛም ጥያቄ አምላክን ከመፍራት የመጣ ነው። ድስቱን በደንብ አጥባችሁ ጠብቋቸው፤ እነሱም በተራቸው ሲጋብዟችሁ እንዲሁ ያደርጋሉ።

ሴሚስተሩ ሳያልቅ አንድ ረቡዕ ምረጡ። ደበርጃኑን ገዝታችሁ የጎረቤታችሁን በር አንኳኩ።