የአስመሳዩ ጥፋት

አማርኛ ‹‹አስመሳይ›› የሚለውን ቃል ለስድብ አውሎታል። አስመሳይ ሲባል ባለ ሁለት ፊት፣ ያልሆነውን ነኝ የሚል፣ ሰው የማያምነው ፍጡር ነው። የቃሉ እህትና ወንድሞች ግን ተከብረው ይኖራሉ፤ ምሳሌ፣ ምስል፣ አምሳያ፣ አምሳል። ከአንድ ግንድ ወጥተው እነዚያ ቤተ መቅደስ ሲገቡ እሱ ብቻውን ወህኒ የወረደ ይመስላል። ሰዋስው ማስተማሩን ከተውኩት ቆይቻለሁ፤ ዛሬ ወደዚህ ነገር የመለሰኝ የጊታር ሰዎች ጠብ ነው። ጠባቸው ከእግር እስከ ራሱ በዚህች ስድብ ላይ የቆመ ነውና።

ጊታር ለማይነኩ አንባቢዎቼ ላስረዳ። የኤሌክትሪክ ጊታር ብቻውን ሲመታ ድምፁ ከትንኝ አይበልጥም። ሰው የሚያውቀው ያ የሚያጓራው፣ የሚያለቅሰው ድምፅ የሚወለደው አምፕሊፋየር ውስጥ ነው። አምፑ ደግሞ በጥንቱ አሠራር የሚሠራው በቫልቭ ነው፤ ቫልቭ ማለት በአባቶቻችን ሬዲዮ ጀርባ እንደ ፍም ቀልቶ ይታይ የነበረው ብርጭቆ ነው። አሁን የዚያን ሣጥን ጠባይ በሒሳብ ቀምሮ የሚያስመስል ዲጂታል መሣሪያ መጥቷል፤ አንዳንዱ በእግር የሚረገጥ፣ አንዳንዱ ላፕቶፕ ላይ የሚጫን ፕሮግራም። ስሙ ሲሙሌተር ነው፤ በእኛ ቋንቋ ያው አስመሳይ። አንደኛው ወገን ‹‹ቫልቭ ነፍስ አለው፣ ይሞቃል፣ የጣትህን ክብደት ያውቃል፤ ያኛው ሬሳ ነው›› ይላል። ሌላው ‹‹እስቲ ዓይንህን ጨፍነህ ለይልኝ!›› ብሎ ያፋጥጠዋል። ያስጨፍኑታል፣ ያሰሙታል፣ ይሳሳታል። ከተሳሳተ በኋላ ‹‹አዳማጭ አይለየው ይሆናል፤ ተጫዋች ግን ይለየዋል›› ብሎ በጓሮ በር ይወጣል። በማግሥቱ እንደ አዲስ ይጀመራል።

እኔ በበኩሌ በጆሮ በኩል ያለው ክርክር አልቋል ባይ ነኝ። ላይን ሲክስ የሚባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ፖድ የተባለችውን ኩላሊት መሳይ ቀይ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲያወጣ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ቫልቭ ወዳዱ ስቆ ከሆነ አልፈርድበትም። እሱ ግን ሩብ ምዕተ ዓመት አለፈው። በ2013 ሜታሊካ አንታርክቲካ ውስጥ በአርጀንቲና የምርምር ጣቢያ ሲጫወት፣ አካባቢውን ጩኸት እንዳይረብሸው ተብሎ ታዳሚው የሰማው በጆሮ ማዳመጫ ነበር፤ የጊታሩም ድምፅ ከዲጂታል መሣሪያ ወጣ። እነዚህ ሰዎች ከዚያም ወዲህ ስታዲየም እየሞሉ በዚያው ዓይነት መሣሪያ ተጫውተዋል። በ2019 ደግሞ በቫልቭ አምፕ ስሙን የተከለው ፌንደር ራሱ ትዊን ሪቨርብ የተባለውን ዝነኛ አምፑን በዲጂታል አስመስሎ ሠራ፤ 30 ኪሎ ገደማ የነበረው ሸክም በግማሽ ቀለለ። ባለቤቱ ካስመሰለው ጎረቤት ምን ጥልቅ አደረገው?

እንዲያውም በቫልቭ ወዳዱ ላይ የባሰ ክስ አለኝ። ‹‹እውነተኛ›› የሚለው ነገር ሒሳቡ ስንት እንደሚወጣ አይናገርም። ቫልቭ እንደ አምፖል ያልቃል። ዛሬ ለጊታር አምፕ የሚሆነው ቫልቭ በብዛት የሚመረተው በሩሲያ፣ በስሎቫኪያና በቻይና ነው፤ በ2022 ሩሲያ ለአጭር ጊዜ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስታግድ የምዕራቡ ዓለም ጊታሪስት እንደ ዘይት ሰልፈኛ ተንጫጫ። የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ ጊታር ይጫወታል። እስቲ እሱን አስቡት። ያንን ሣጥን በዶላር ገዝቶ፣ ቀረጡን ከፍሎ፣ ሚኒባስ ላይ ሲጭነው ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ ጠይቆት፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ አውጥቶ፣ ሰክቶ ሊያሞቀው ሲል መብራት ይጠፋል። መብራቱ ባይጠፋ ጎረቤት አለ፤ ምክንያቱም የቫልቭ አምፕ ዝናው የሚወጣው ሲጮኽ ነው። ልጁ አሁን ላፕቶፑን በባትሪ ከፍቶ፣ ጆሮ ማዳመጫውን አጥልቆ፣ በእኩለ ሌሊት ማንንም ሳይቀሰቅስ ይለማመዳል። እሱን ‹‹የውሸት ነው የምትጫወተው›› የሚል ሰው ስለ ሙዚቃ እየተናገረ አይደለም፤ ስለ ገንዘቡ ነው የሚያወራው።

ደግሞስ ‹‹እውነተኛው›› ከየት መጣ? ያ ሻካራ፣ ያ የሚያጓራ ድምፅ እኮ የማሽን ውድቀት ነው። ቫልቩ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የድምፁን ሞገድ ጫፍ መሸከም ያቅተውና ይደፈጥጠዋል፤ በመደፍጠጡም ጊታሩ ያላወጣቸውን ተጨማሪ ድምፆች ይወልዳል። ሊዮ ፌንደር የሬዲዮ ጠጋኝ እንጂ ጊታር የሚችል ሰው አልነበረም፤ ዕድሜ ልኩን የደከመውም ንጹሕ ድምፅ ለማውጣት ነው። ልጆቹ ናቸው እምቢ ያሉት። በ1951 ሜምፊስ ውስጥ ‹‹ሮኬት 88›› ሲቀረጽ አምፑ መንገድ ላይ ተጎድቶ ስለነበር ስፒከሩ ውስጥ ወረቀት ጠቅጥቀው ተጫወቱበት ይባላል። በ1964 የኪንክስ ጊታሪስት ዴቭ ዴቪስ፣ ገና ሃያ ያልሞላው ልጅ፣ የትንሿን አምፑን ስፒከር በምላጭ ተለተለው፤ ይኼን የተረከው ራሱ ነው። ዛሬ በአክብሮት የሚሰገድለት ድምፅ ዘሩ ሲቆጠር የተቀደደ ወረቀት ላይ ያርፋል።

ከሁሉ የሚጣፍጠኝ ግን የማርሻል ታሪክ ነው። ጂም ማርሻል በምዕራብ ለንደን ሃንዌል በሚባል ሰፈር ከበሮ የሚያስተምር፣ የሙዚቃ ዕቃ የሚነግድ ሰው ነበር። ሱቁን የሚያዘወትሩት ጎረምሶች የአሜሪካውን ፌንደር ይመኛሉ፤ ባሕር ተሻግሮ ስለሚመጣ ዋጋው አይቀመስም። በ1962 ማርሻልና አብረውት የሠሩት ቴክኒሻኖች ፌንደር ቤዝማን የተባለውን አምፕ አይተው ገለበጡት። (ቤዝማን ስሙ እንደሚናገረው ለቤዝ ጊታር የተሠራ ነው፤ ጊታሪስቱ ቀድሞውንም በሰው ዕቃ ነበር የሚጫወተው።) የሽቦውን አሠራር ከሞላ ጎደል እንዳለ ነው የወሰዱት። ዕቃው ግን እዚያው እንግሊዝ የተገኘው ሆነ፤ ትራንስፎርመሩ የአገር ቤት፣ ስፒከሩ ሴለሽን የሚባል የእንግሊዝ ሥራ፣ የፊተኛው ቫልቭ ከፌንደሩ ይልቅ የሚያጎላ። ፌንደር አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከር ጀርባው ክፍት በሆነ ሣጥን ሲያደርግ እነሱ አራት ባለ 12 ኢንች በዝግ ሣጥን አደረጉ። ግልባጩ ሳይመስል ቀረ። ቶሎ ይሻክራል፣ ደረቱ ሰፊ ነው፣ ይቆጣል። በ1966 ኤሪክ ክላፕተን ከጆን ሜዮል ጋር ሊቀረጽ ሲገባ ማርሻሉን እስከ ጥጉ ከፍቶ የስቱዲዮውን ባለሙያዎች አስጨነቀ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው የሮክ ጊታር ሲል የሚሰማው ያንን ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። በ1962 ሃንዌል ላይ ፌንደርን ቅንጣት ሳያጎድል የሚያስመስል ኮምፒውተር ቢኖር ኖሮ፣ ጎረምሶቹ የፈለጉትን ያገኙና ደስ ብሏቸው ወደየቤታቸው ይሄዱ ነበር። ማርሻል የሚባል ድምፅ ግን አይኖርም።

ክፍል ውስጥም ይኼንኑ አይቻለሁ። የፈጠራ ጽሑፍ ስሰጣቸው በዓሉ ግርማን አስመስለው የሚጽፉ ተማሪዎች በየዓመቱ አይጠፉም ነበር። አጥርተው ያስመሰሉት ‹‹ኤ›› እየወሰዱ ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ የጻፉትን አላየሁም። ሊያስመስሉ ሞክረው ያልሆነላቸው፣ የሰውዬው አረፍተ ነገር ከጎጃም ወይም ከሐረር በመጣ አፋቸው ውስጥ አልገጥም ብሎ የተጣመመባቸው ናቸው አንብቤ እንቅልፍ ያጣሁባቸው። ጌታቸው መኩሪያን አስታውሱ፤ በ2016 ያረፈውን። ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ላምጣ አለ። ሳክስፎን የቤልጅግ ሰው የፈለሰፈው የነሐስ ዕቃ ነው፤ የፎካሪ ጉሮሮ ሊሆን ከቶ አይችልም። አልሆነምም። የሰው ድምፅ ሊሆን ሲታገል፣ ሲያቃስት፣ ሲሰነጠቅ የሚሰማው ነገር ከዚያ በፊት በሳክስፎንም በሽለላም ያልነበረ ነው። የቅኔ ቤቱም ሰው ያውቀዋል። የጉባኤ ቃና ልኩ ጥንት የተቀመጠ ነው፣ ማንም አይነካውም፤ ቃሉ ግን የዛሬ መሆን አለበት። የትናንቱን ቅኔ አጥርቶ የደገመ ተማሪ ቅኔ ተቀኘ አይባልም። ደግሞ አዲስ ማፍለቁን ‹‹ዘረፋ›› ነው የሚሉት፤ ሊቃውንቱ ቀልደኞች ናቸው።

የዲጂታሉን መሣሪያ የምከስሰው በዚህ ነው። ሐሰተኛ ነው የሚሉትን አልቀበልም፤ ጥፋቱ ታማኝነቱ ነው። ከፍታችሁ ብታዩት መቶና ከመቶ በላይ አምፕ ተሰልፏል፤ አብዛኛው በሃምሳዎቹና በዘጠናዎቹ መካከል በአሜሪካና በእንግሊዝ የተሠራ ነው። የንግድ ምልክት ሕግ ስለሚያስፈራቸው ስሙን እንኳ በቀጥታ አይጠሩትም፤ ‹‹ብሪት›› ምናምን እያሉ ያሽሞነሙኑታል። የሌሎች ሰዎች አደጋ፣ የሌሎች ሰዎች ድህነት፣ የሌሎች ሰዎች ምላጭ በቁጥር ተቀምጦ ይሸጣል። የእህቴ ልጅ ዕድሜው 22 ነው፤ የሚፈልገው ግን አያቱ በወጣትነታቸው ሊሰሙት ይችሉ የነበረውን የለንደን ስቱዲዮ ነው። ሻጩም ገዢውም የሚያውቁት ምስጋና አንድ ብቻ ነው፤ ‹‹ቁርጥ እሱን!›› ይኼን መለኪያ ደግሞ ለሻጩ ያቀበለው ያው ቫልቭ ወዳዱ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ‹‹አይመስልም፣ አይመስልም›› እያለ ሲጮኽ፣ መሐንዲሱ ሰምቶት እንዲመስል አደረገው። ጠላቶች ናቸው ትሉኛላችሁ? አንድ ጣዖት ፊት የተንበረከኩ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የሚጣሉት የማን ምንጣፍ ይሻላል በሚለው ነው።

አስመሳይ መሣሪያ ከወደቀ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ምሳሌ አለ። የጃፓኑ ሮላንድ በሰማንያዎቹ መጀመሪያ ቲቢ 303 የምትባል ትንሽ ዕቃ ሠራ፤ ቤዝ ጊታሪስት የሌለው ሰው ቤዝ ጊታር እንድታስመስልለት። ጨርሶ አልመሰለችም። ሰው አልገዛትም፣ በ1984 ምርቷ ተቋረጠ፣ በየአሮጌ ዕቃ መሸጫው በርካሽ ተጣለች። የቺካጎ ልጆች ያገኟት እዚያ ነው። ቁልፎቿን እያጣመሙ ሲያስጮኋት አሲድ ሃውስ የሚባል ሙዚቃ ወጣ። (እኔ ከአምስት ደቂቃ በላይ አልሰማውም፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።) የጊታር ሲሙሌተር ግን በጣም ስለተሳካለት እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠመውም።

‹‹ታዲያ ምን አድርግ ትለኛለህ፣ ጋሼ?›› አለኝ ልጁ። ላፕቶፑን ጣል፣ ቫልቭ ግዛ አልለውም፤ ከዚህ በላይ ጽፌዋለሁ። መሣሪያውን ራሱን ግን ጠየቅሁት። የጀርመኑ ኬምፐር በ2011 ያመጣው ዘዴ ነበር፤ መሣሪያው እንግዳ ድምፆችን ወደ አምፑ ይልካል፣ የሚመለሰውን ያዳምጣል፣ ጠባዩን ይቀዳል። አሁን ኒውራል አምፕ ሞደለር የሚባል በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም አለ፤ ለጥቂት ደቂቃ የሚቆይ መፈተኛ ድምፅ በአምፑ ውስጥ ታሳልፋለህ፣ ኮምፒውተሩ ከዚያ ይማራል። የስፒከርንም ጠባይ ለብቻው መቅዳት ይቻላል። መሣሪያው ጌታ አይመርጥም ማለት ነው። ዝነኛም ይሁን የወዳደቀ፣ ፊቱ ያቆምክለትን ይቀዳል።

‹‹ሞንታርቦስ ይቀዳል?›› አልኩት።

ሳቀ። ሞንታርቦ የጣሊያን የድምፅ ማጉያ ኩባንያ ስም ነው፤ እኛ ግን ሰርግም፣ ስብሰባም፣ የሎተሪ መኪናም ላይ የሚጮኸውን ሁሉ በዚህ ስም እንጠራዋለን። የዚህ ከተማ ጆሮ ያደገው በእሱ ነው። የተሰነጠቀ ክራር፣ የታፈነ ማሲንቆ፣ ከአቅሙ በላይ የተለቀቀ ዘፈን በእሱ ውስጥ አልፎ ነው የደረሰን፤ ከፌንደርም ከማርሻልም የማይገናኝ የራሱ አበላሽ አለው። ያንን አበላሽ የቀዳው ሰው አላጋጠመኝም። ልጁን የያዘው ሌላ ነገር ነበር።

‹‹ማን ይፈልገዋል፣ ጋሼ? ያስቃል እኮ።››

‹‹ቤዝማንን ለጊታር ማን ፈልጎት ነበር?››

ዝም ብሎ ቆየና አበላሹ ከማጉያው ይሁን ከስፒከሩ ለይቶ መቅዳት እንደሚያስፈልግ፣ ለዚህም ማይክሮፎን ከሰው መዋስ እንዳለበት ነገረኝ። በሰፈራችን ድንኳን የሚያከራዩት ሰውዬ አንድ አሮጌ አላቸው፤ በግራ በኩል ያለው ስፒከር ይንጫረራል ብለው ራሳቸው ያማርራሉ። የግራውን ብቻ ለግማሽ ቀን ስንት እንደሚያከራዩት ጠይቅ ብዬዋለሁ፤ ሒሳቡን እኔ እችላለሁ።