የጨጓራ ካንሰር ቀዶ ሕክምናና ሚዛን የማያሳየው አደጋ

የጨጓራ ካንሰር በስርጭቱም ሆነ በገዳይነቱ ከዓለም የካንሰር ዓይነቶች በአምስተኛ ደረጃ ላይ ይገኛል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ለ2022 ባወጣው ግምት መሠረት በዓመቱ ወደ 970 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በበሽታው የተያዙ ሲሆን፤ 660 ሺህ ያህል ሰዎች ደግሞ ሕይወታቸውን አጥተዋል።

በሽታው ሳይሰራጭ ከተደረሰበት ዋነኛው መፍትሔ ቀዶ ሕክምና ነው። በሽታው በስፋት በሚታይባቸው ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ ሕክምናው ከፍተኛ ደረጃ ላይ ደርሷል። ይሁንና በእነዚህ አገሮች ጭምር የሕክምናው ውጤት በሐኪሙ ችሎታ ብቻ ሳይሆን በታማሚው የሰውነት ይዞታም እንደሚወሰን የዘርፉ ባለሙያዎች ይገልጻሉ።

ከዚህ አንፃር ቀዳሚው ጉዳይ ሳርኮፔኒያ በመባል የሚታወቀው የጡንቻ መመናመን ነው። ጡንቻ የፕሮቲን ማከማቻ በመሆኑ ሰውነት ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቁስልን ለማዳንና ኢንፌክሽንን ለመቋቋም የሚያስፈልገውን ንጥረ ነገር የሚያገኘው ከዚሁ ነው። የመተንፈሻ ጡንቻው የደከመ ታማሚ አክታውን በሚገባ ማስወጣት ስለሚሳነው ለሳንባ ምች ይጋለጣል። ቀጥሎ የሚሰጠውን የኬሞቴራፒ ሕክምና የመቋቋም አቅሙም ይቀንሳል።

ከመጠን ያለፈ ውፍረት በበኩሉ ሥራውን በራሱ ያከብደዋል። በሆድ ዕቃ ዙሪያ የተከማቸው ስብ የደም ሥሮችንና የሊምፍ ዕጢዎችን ስለሚሸፍን ቀዶ ሕክምናው ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፤ የሚፈሰው ደምም ይጨምራል። የቆሽት ፈሳሽ ወደ ሆድ ዕቃ የማፍሰስና ቁስሉ የማመርቀዝ ዕድልም ከፍ ይላል።

በተለይ ሊሰመርበት የሚገባው ሁለቱ ችግሮች በአንድ ሰው ላይ ሊገኙ መቻላቸው ነው። ስቡ የጡንቻውን መጥፋት ስለሚሸፍነው ታማሚው በሚዛን ሲታይ የተጎዳ አይመስልም፤ በመሆኑም ልዩ ክትትል ሳይደረግለት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሊገባ ይችላል። ጨጓራው ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በርካታ ኪሎ ግራም መቀነሱ የተለመደ በመሆኑ አስቀድሞ የነበረው ጉዳት ይባባሳል።

ችግሩን ለመለየት ግን የግድ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም። ለካንሰሩ ምርመራ የተነሳው ሲቲ ስካን በሦስተኛው የወገብ አከርካሪ አጥንት ትክክል ያለውን የጡንቻና የስብ መጠን ያሳያል። የእስያ የሳርኮፔኒያ የሥራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 ባሻሻለው መመዘኛ ደግሞ በእጅ የመጨበጥ ኃይሉ ለወንድ ከ28፣ ለሴት ከ18 ኪሎ ግራም በታች የሆነ ሰው የጡንቻ ኃይሉ እንደደከመ ይቆጠራል።

የአውሮፓ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች መመሪያም ከፍተኛ የምግብ እጥረት ያለበት ታማሚ ከከባድ ቀዶ ሕክምና በፊት ከ7 እስከ 14 ቀናት የምግብ ድጋፍ እንዲያገኝ፣ ለዚህም የካንሰር ቀዶ ሕክምና ቢሆን እንኳ እንዲዘገይ ይመክራል።

ስለሆነም የካንሰር ሕክምና አገልግሎትን የሚያቅዱ አካላት ከቀዶ ሕክምና ክፍልና ከመሣሪያ ጎን ለጎን ለሥነ ምግብና ለአካል እንቅስቃሴ ባለሙያዎች ተገቢውን ቦታ ሊሰጡ ይገባል። የታማሚው ክብደት ብቻ ተመዝግቦ የሚታለፍ ከሆነ በከፍተኛ ወጪ የተከናወነ ቀዶ ሕክምና አስቀድሞ ሊታወቅ ይችል በነበረ ድክመት ምክንያት ውጤት አልባ ሊሆን ይችላል።