ይበቃል ወይስ አይበቃም?



በዚህ ዓመት የሒሳብ መምህር በቀረበት አንድ ቀን ክፍል ገብቼ ለተማሪዎች እንዲህ የሚል ጥያቄ ሰጠሁ። «አንድ የጭነት መኪና ከሞያሌ ኬላ 5 ኪሎ ሜትር ርቆ ዋናው መንገድ ላይ ቆሟል። የቆመው በየት በኩል ነው?» ወዲያው ብዙ እጅ ወጣ። ግማሹ «በሶሎሎ መንገድ»፣ ግማሹ «በሜጋ መንገድ» አለ። «የተሰጠን መረጃ አይበቃም» ያለችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። እሷም ያጠፋች ይመስል አንገቷን ደፍታ ነው የተናገረችው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ የተደፋ አንገት ነው።

ጥያቄው የፍጹም ዋጋ ጥያቄ ነው። የአንድ ቁጥር ፍጹም ዋጋ ቁጥሩ በቁጥር መስመር ላይ ከዜሮ ያለው ርቀት ነው፤ ርቀት ደግሞ አቅጣጫን አይናገርም። ኬላውን ዜሮ፣ የሶሎሎን መንገድ ፖዘቲቭ፣ የሜጋን መንገድ ኔጌቲቭ እንበለው። |ሀ| = 5 ከተባለ ሀ 5 ወይም −5 ነው። የትኛው እንደሆነ ሌላ መረጃ ካልመጣ አይታወቅም።

ለንግድ አስተዳደር ማስተርስ የሚያመለክቱ ሰዎች የሚወስዱት ጂማት የሚባል ፈተና አለ። በውስጡ «የመረጃ በቂነት» ጥያቄዎች ይገኛሉ። አንድ ጥያቄና ሁለት መረጃዎች ይቀርባሉ፤ ተፈታኙ የሚጠየቀው መልሱን ሳይሆን መረጃው መብቃቱን ነው። አንደኛው ብቻ ይበቃል? ሁለተኛው ብቻ? ሁለቱ ተደምረው? እያንዳንዱ ለብቻው? ወይስ ተደምረውም አይበቁም? ምርጫዎቹ ሁልጊዜ እነዚሁ 5 ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በወጣው አዲሱ ጂማት እነዚህ ጥያቄዎች ካልኩሌተር ወደሚፈቀድበት ክፍል ተዛውረዋል። ካልኩሌተሩ ግን ያሰላል እንጂ «ይበቃል» ብሎ አይፈርድም።

እንሞክረው። «ሀ ስንት ነው?» አንደኛ፦ |ሀ − 3| = 5። ሁለተኛ፦ ሀ ከዜሮ ያንሳል። አንደኛው «ሀ ከ3 በ5 ይርቃል» ማለት ስለሆነ ሀ 8 ወይም −2 ነው፤ አይበቃም። ሁለተኛው ለብቻው ስፍር ቁጥር የሌለው መልስ አለው፤ አይበቃም። ሲደመሩ ግን 8 ይወድቅና −2 ብቻ ይቀራል። ሁለቱ አብረው ይበቃሉ።

ከዚህ ተነስቶ «ፍጹም ዋጋ ካለ መልሱ ሁለት ነው» ብሎ የሚሸመድድ ተማሪ ግን ይሳሳታል። |ሀ + 3| = 2ሀ ቢሰጠው 3 እና −1 ያገኛል። −1ን መልሶ ሲያስገባ በግራ 2፣ በቀኝ −2 ይሆናል፤ ርቀት ኔጌቲቭ ስለማይሆን −1 ይጣላል። የቀረው 3 ብቻ ነው፤ ስለዚህ ያ አንድ መረጃ ለብቻው ይበቃል። በተቃራኒው «ሀ ከዜሮ ይበልጣል?» ተብሎ |ሀ| = ሀ ቢሰጥ ብዙዎች «አዎ» ይላሉ። ሀ ራሱ ዜሮ ሊሆን እንደሚችል ይረሳሉ። ኬላው ላይ የቆመውን መኪና ማን ያስታውሰዋል?

አንዳንድ ወላጆችና መምህራን «ልጆቻችን የሚፈተኑት ጂማት አይደለም» ይሉኛል። ልክ ናቸው። የኬ.ሲ.ኤስ.ኢ. ሒሳብ ሁለት ወረቀት ነው፤ እያንዳንዱ 2 ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ሲሆን ልምምድ ይጠይቃል። ነገር ግን እዚያም ነጥብ የሚሰጠው ለመጨረሻው ቁጥር ብቻ ሳይሆን ለአሠራሩም ጭምር ነው። −1ን መልሶ የሚፈትሽ ልጅ እዚያም ይጠቀማል። የኬንያ ብቃት ተኮር ሥርዓተ ትምህርትም ከ7ቱ ዋና ብቃቶች አንዱ ሂሳዊ አስተሳሰብና ችግር መፍታት ነው ይላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ነገሩ ከፈተናም ያልፋል። በከተማችን ብርና ሺልንግ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። ሁለት ነጋዴዎች ሒሳብ ሲተሳሰቡ «ልዩነታችን 200 ሺልንግ ነው» ቢሉ፣ ማን ለማን እንደሚከፍል ገና አልታወቀም። ይህን የማይጠይቅ ልጅ ነገ የሰማውን ወሬ ሁሉ ሙሉ ነገር አድርጎ ይቀበላል።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በየሳምንቱ አንድ «ይበቃል ወይስ አይበቃም» ጥያቄ ለ5 ደቂቃ ይሰጥ። «አይበቃም» ብሎ ምክንያቱን ያስረዳ ተማሪም እንደማንኛውም ትክክለኛ መልስ ሙሉ ነጥብ ያግኝ። ወላጆችም ማታ «ስንት አገኘህ?» ብላችሁ ስትጨርሱ «በምን አወቅህ?» ብላችሁ ጨምሩበት።

ለዚያች ልጅ ደግሞ፦ ልጄ፣ የዚያን ቀን በትክክል የመለስሽው አንቺ ብቻ ነበርሽ። በሚቀጥለው ጊዜ አንገትሽን ቀና አድርገሽ ተናገሪ።