እርጥብ የተቀመጠ ዕቃ

የቤትና የደጅ ዕቃ በሁለት መንገድ ያልቃል፤ አንዱ ሲሠራበት፣ ሌላው ሲቀመጥ። ሲሠራበት ያለቀ ዕቃ አገልግሎ ነው። ተቀምጦ የሚያልቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ታጥቦ ሳይደርቅ የተቀመጠው ነው። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ይህ ጎልቶ ይታያል። በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር በሸገር ከተማ የተጠቃለሉት እነዚህ ሦስት ከተሞች ሁሉም ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ይበረታል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ የሱሉልታ ሜዳ ዋልካ አፈር ደግሞ ውሃ ከያዘ ቶሎ አይለቅም። በበጋ ነገሩ ይገለበጣል። አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ከፍታው የፀሐዩን ጨረር ስለሚያበረታው ክረምት ያበሰበሰውን በጋ ይሰነጥቀዋል።

የጽዳት ነገር ከውሃ ይጀምራል። የገፈርሳ ግድብ ከቡራዩ ጎን ሆኖ አዲስ አበባን ያጠጣል፤ በሦስቱ ከተሞች ብዙ ሰፈሮች ግን ቧንቧው የሚመጣው በፈረቃ ነው። ስለዚህ ቀድሞ ዘይት የተሸጠበት ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ዋነኛ የቤት ዕቃ ሆኗል። ጀሪካን ሲከርም ከውስጥ የሚያሙለጨልጭ ስስ ሽፋን ይይዛል፤ አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ አያስገባም። የተለመደው መላ አሸዋና ጠጠር ከትቶ መናጥ ነው። ይህ ለጊዜው ያጸዳል፤ ግን ፕላስቲኩን ይቧጭረዋል፣ ቆሻሻውም ከዚያ ወዲያ አሸዋ በማይደርስበት ጭረት ውስጥ ይሸሸጋል። የተሻለው ላርጎ በሞቀ ውሃ በጥብጦ ረጅም እጀታ ባለው ብሩሽ መፈግፈግ፣ አለቅልቆም ባዶውን በአፉ ደፍቶ ማድረቅ ነው። ክዳኑ በተለይ ይረሳል፤ ጥርሱ ውስጥ የሚጠራቀመው እድፍ ከሆዱ ይብሳል። የእርሻ ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን ግን መቶ ጊዜ ቢታጠብም ለውሃ አይሆንም።

አቅም ያለው ቤት ሮቶ ይሰቅላል። ጥቁሩ ሮቶ ብርሃን ስለማያስገባ አረንጓዴ አልጌ አያበቅልም፤ ደለል ግን ከቧንቧው ጋር ገብቶ ከሥሩ ይተኛል። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ውሃውን አስጨርሶ፣ ግድግዳውን በብሩሽ ፈግፍጎ፣ ደለሉን በታችኛው መክፈቻ ማስወጣት ያስፈልጋል። ከዚያ ሞልቶ በክሎሪን ማከም ይቻላል። ሽታ ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና ለ1,000 ሊትር ውሃ 1 ሊትር ይበቃል፤ ይህም በእያንዳንዱ ሊትር 50 ሚሊግራም ክሎሪን ይሆናል። 24 ሰዓት ከቆየ በኋላ ውሃው መደፋት አለበት፤ አይጠጣም፣ አይበሰልበትም። የዕለት መጠጥን ለማከም የሚያገለግለው እንደ ውሃ አጋር ያለ ምርት ሌላ ነገር ነው፤ መጠኑም በጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ውሃ ለማፍላት የሚመርጥ ደግሞ ከፍታውን ያስብ። ሱሉልታ ላይ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ2,000 ሜትር በላይ ላሉ ቦታዎች ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ እንዲቆይ የሚመክረው በዚሁ ምክንያት ነው።

በረኪና ከተነሳ፣ ሰው ከሚገባው በላይ እንደሚወደው መናገር ያስፈልጋል። ሽታው ራሱ የንጽሕና ማስረጃ ተደርጎ ይቆጠራል። ነገር ግን በረኪና ጀርም ይገድላል እንጂ እድፍ አይፍቅም፤ ቆሻሻ ላይ ሲፈስ ኃይሉን ቆሻሻው ይጨርሰዋል። መጀመሪያ በሳሙና መታጠብ፣ ቀጥሎ በረኪና፣ ቀጥሎ መለቅለቅ ነው ሥርዓቱ። ብረትንና አሉሚኒየምን ይበላል፣ የጥጥ ክርን ያሳሳል፣ ሱፍና ሐርን ጨርሶ ያጠፋል። ከአሲድ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ሲቀላቀል የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ መስኮት በሌለው ጠባብ መጸዳጃ ውስጥ ሁለቱን ባንድ ላይ ማፍሰስ ከቆሻሻው የባሰ አደጋ ነው።

ሱሉልታ የወተት አገር ናት። ጠዋት ጠዋት ከየግቢው ወደ መሰብሰቢያ ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ የሚጓዘው ወተት ዕጣው የሚወሰነው ብዙ ጊዜ በላሟ ሳይሆን በዕቃው ነው። ትናንት በዕቃው ስፌትና ጠርዝ ውስጥ የቀረች ጠብታ ለዛሬው ወተት እርሾ ትሆነዋለች፤ ጣቢያው ላይ በአልኮል ሲፈተን ይቋጥርና ይመለሳል። እጥበቱ ላይ የሚሠራው ዋና ስህተት በፈላ ውሃ መጀመር ነው። ሙቀቱ የወተቱን ፕሮቲን አብስሎ ዕቃው ላይ ያጣብቀዋል፤ ከጊዜ በኋላ ያ ሽፋን እየደረቀ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ስለዚህ ወተቱ እንደተገለበጠ ወዲያው በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ ይለቀለቃል፤ ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይፈገፈጋል፤ ከዚያ በጣም በሞቀ ንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። ከሁሉ በላይ ግን በመደርደሪያ ላይ ተደፍቶ፣ አየር እየገባው፣ እስኪደርቅ ይቆያል። ክዳኑን ገጥሞ እርጥቡን ማሳደር ሙሉውን ድካም ከንቱ ያደርገዋል።

በዚህ ረገድ የጥንቱ አሠራር ከዛሬው የፕላስቲክ ጀሪካን ይበልጣል ማለት ማጋነን አይሆንም። የወተት ቅል በግራዋ ቅጠል ተፈግፍጎ፣ ተለቅልቆ፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጭሱ መዓዛ ብቻ አይደለም፤ ውስጡን ያደርቀዋል፣ በጭሱ ያሉ ውህዶችም ተሕዋስያንን ይገታሉ። የጠላ ጋንና እንስራም እንዲሁ ነው የሚሰናዱት። ጀሪካን አይታጠንም፤ አፉ እጅ አያስገባም፤ ጭረቱ አይድንም። ለወተት የሚሆነው አፈ ሰፊ የአሉሚኒየም ወይም የማይዝግ ብረት ዕቃ ነው። ዋጋው ውድ ነው፤ ተመላሽ የሆነ ወተት ግን ከዚያ ይወደዳል።

የወጥ ቤቱ ሌላ ዕቃ አጭር ነገር ይበቃዋል። አሉሚኒየም ድስትን በአመድ መፈተግ ጥላሸቱን ያነሳል፣ ነገር ግን አመድ የአልካሊ ጠባይ ስላለው ውስጡን ካገኘው ያጠቁረዋል፤ ለውጪው ብቻ መተው ይሻላል። የሸክላ ምጣድ ሳሙና አይወድም፤ ቀዳዳዎቹ ሳሙናውን ጠጥተው እንጀራው ላይ ይመልሱታል፣ ማሟሸቱም ይጠፋል። በማሰሻ መወልወል ይበቃዋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ሽቦው ሸክላው ውስጥ የተቀበረ ነውና ውሃ ሊፈስበት አይገባም፤ በትኩሱ እርጥብ ጨርቅ ያገኘው እንደሆነ ይሰነጠቃል፣ ሽቦው ከተጋለጠም ሰው ይይዛል። ማጽዳት ሲያስፈልግ ነቅሎ፣ አቀዝቅዞ ነው። ጀበናም ትታጠባለች እንጂ ሳሙና አታይም፤ ክዳኗ ተነስቶ ትደርቃለች።

ልብስ ላይ ስንመጣ እንዶድን መዝለል አይቻልም። የእንዶድ ፍሬ ተወቅጦ ሲበጠበጥ አረፋ የሚሰጠው ሳፖኒን ስላለው ነው፤ ሸማ ያነጣል፣ ክሩንም አያደርቀውም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ማየታቸው የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ለመግታት ወደሚያስችል ምርምር አመራ። ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ያገኙትም በዚሁ ሥራ ነው። ቀንድ አውጣን የሚገድለው ዓሣንም ይገድላልና፣ በእንዶድም ሆነ በኦሞ የታጠበበት ውሃ ወንዝ ውስጥ ባይደፋ ይመረጣል። ጋቢ ሲታጠብ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ጠምዝዞ መጭመቅ ክሩን ያዛንፈዋል። ጫን ብሎ ውሃውን ማስወጣትና በገመድ ላይ አጥፎ፣ ጥለቱን ከፀሐይ ወደ ውስጥ መልሶ ማስጣት ነው የሚሻለው። በክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለሚበዛ እጥበቱ በጠዋት ካልተጀመረ ጋቢው አድሮ ይሸታል። ወለል ላይ የሚነጠፍ የስፖንጅ ፍራሽም ያው ነው፤ ከሥሩ እርጥበት ይዞ ሻጋታ ያበቅላል። ከሥሩ አየር የሚያስገባ ርብራብ ቢደረግለት፣ መስከረም ሲጠባም ፀሐይ ቢያይ ዕድሜው ይረዝማል።

ከቤት ሲወጣ መጀመሪያ ያለው ጭቃ ነው። ጭቃ የያዘ ጫማ በእርጥቡ ሲጠረግ ጭቃው ወደ ቆዳው ይገባል፤ ደርቆ በብሩሽ ቢራገፍ ይለቅቃል። የራሰ ቆዳ ጫማ በጋዜጣ ተጠቅጥቆ በጥላ ይደርቃል፤ ከሰል አጠገብ የተቀመጠ ግን ይጨማደድና ይሰነጠቃል። ከሊስትሮዎች ጥሩዎቹ ሳሙናው ሳይደርቅ ቅባት አያስነኩም፤ ደንበኛው ቸኩሎ ቢያጉረመርምም እነሱ ልክ ናቸው።

ቆርቆሮን ከዝገት የሚጠብቀው የዚንክ ሽፋኑ ነው። የጌጅ ቁጥር ሲጨምር ውፍረቱ ስለሚቀንስ ባለ 35 ጌጅ ከባለ 28 ጌጅ በጣም ይሳሳል፤ ጥቂት ዝገትም ይበሳዋል። በእንጦጦ ግርጌ ከባሕር ዛፍ የሚረግፈው ቅጠል አሸንዳው ውስጥ ተጠራቅሞ እንደራሰ ይከርማል፤ ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል። ግንቦት ሳያልቅ አሸንዳውን መጥረግ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው ሚስማሩ የተመታበትን መስመር ይርገጥ፤ ከሥሩ እንጨት ያለው እዚያ ነው። የዛገው ቦታ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ በደረቅ ቀን አንቲረስት ይቀባል። ገና ያልተመታ ቆርቆሮ በግቢ ተደራርቦ ዝናብ ከገባበትም ዚንኩ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይበላል፤ ዘንበል ብሎ፣ በመካከሉ ዘንግ እየገባ መቀመጥ አለበት። የፕላስቲክ ወንበር ጠላቱ ዝናብ ሳይሆን ፀሐይ ነው፤ በጨረሩ እየነጣ ይደርቅና ሰው ሲቀመጥበት ይሰበራል። ታጥቦ በጥላ ይደርደር።

ከደጅ ዕቃ ሁሉ ብዙ ሰው የሚጠቀምበትና ጥቂት ሰው የሚያስብለት የእድር ድንኳን ነው። ሐዘን ቀን አይመርጥም፤ ሐምሌ ላይ የተተከለ ድንኳን ሲነቀል ዝናብ ጠጥቶ፣ ጠርዙ በጭቃ ተለውሶ ነው። ለቀስተኛው ደክሟል፤ ሌላ ቤት ደግሞ ይጠብቃል፤ ሸራው እንደራሰ ተጣጥፎ ዕቃ ቤት ይገባል። ከጥቂት ቀን በኋላ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል። የጥጥ ሸራ ከሆነ ሻጋታው ክሩን ይበላዋል፤ በላስቲክ የተለበጠ ከሆነ ልባጡ ይላጣል። በብዙ እድሮች ደንብ የተሰበረ ብርጭቆና የጠፋ ትሪ ይከፈልበታል፤ እርጥብ ለተመለሰ ድንኳን ግን እምብዛም ቅጣት የለም፣ ጉዳቱ ግን ከብርጭቆው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጭቃው ደርቆ በመጥረጊያ ይራገፋል፤ የቀረው በለስላሳ ብሩሽ፣ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ቀላል ሳሙና ይታጠባል። ኦሞና በረኪና ውሃ የማያስገባውን ልባጥ ስለሚያነሱ አይነኩትም። ፀሐይ በማይገኝበት ሰሞን በዕቃ ቤቱ ጣሪያ ሥር በገመድ ተዘርግቶ ቢሰነብት ይሻላል፤ ካስፈለገም ተነስቶ በዚያው ይወጣል። ሁልጊዜ በአንድ መስመር ከታጠፈ እዚያው ላይ ስለሚቀደድ እጥፋቱ ይለዋወጥ። ብረቶቹ ጋጠሚያቸው ላይ ዘይት በነካ ጨርቅ ይወልወሉ፣ ገመዶቹም ተፈትተው ይድረቁ። አይጥ የወጥ ሽታ የቀረበትን ሸራ መርጣ ስለምትበላ፣ ከመታጠፉ በፊት የምግብ ፍንጣቂው ይታይ፤ የተጣጠፈውም ሸራ መሬት ላይ ሳይሆን ከፍ ብሎ በርብራብ ላይ ይቀመጥ።